ባለቤቱ ሲሞት ያልሞተው ምድር ባቡር

ምድር ባቡር ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ ስለ ሆነ፣ የሚያቆመው ወይ መንግሥት ወይም ትርፍ የሚፈልግ ኩባንያ ነው። ጭነት የሚሰጠው ነጋዴ ሲጠፋና ተሳፋሪው ወደ አውቶቡስ ሲዞር ግን ሐዲዱ ይነቀላል፤ ብረቱም በሚዛን ይሸጣል። በብዙ አገር የትንንሽ ምድር ባቡሮች ታሪክ የተፈጸመው በዚህ ዓይነት ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው እንዲህ ሊፈጸም ጥቂት ቀርቶት ስለ ተረፈው፣ በብሪታንያ ደሴት በስተምዕራብ በዌልስ ስለሚገኘው የታሊሊን ምድር ባቡር ነው። በጎ ፈቃደኞች ከመዘጋት አድነው ለተሳፋሪ እንዲያገለግል ያደረጉት በዓለም የመጀመሪያው ምድር ባቡር ይህ ነው። በጽሑፋችን ውስጥ የሚገኘው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢያችን እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

በዚህ ባቡር የሚሳፈር ሰው የሚቀመጥበት ወንበር ጠባብ ነው፤ በሩም በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ጕዞውም ዝግ ያለ ነው። እያንዳንዱ አለመመቸት ግን የራሱ የታሪክ ምክንያት አለው። ስለዚህ የባቡሩን ታሪክ በተሳፋሪው በኩል ሆነን ለመመልከት አስበናል።

ነገሩ የሚጀምረው ከዌልስ ርቆ በአሜሪካ ነው። ከ1861 እስከ 1865 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ስለ ነበረ፣ ወደ እንግሊዝ አገር ይሄድ የነበረው ጥጥ ተቋረጠ። በማንቸስተር የጥጥ ፋብሪካ የነበረው ዊልያም ማክኮኔል ገንዘቡን ሌላ ሥራ ላይ ለማዋል ፈለገና፣ በዌልስ ተራራ ላይ ብሪን ኤግሉዊስ በሚባል ስፍራ ያለውን የድንጋይ ካባ ያዘ። ከዚያ የሚወጣው ድንጋይ እንደ መጽሐፍ ገጽ እየተሰነጠቀ ለቤት ክዳን የሚሆን ጥቁር ግራጫ ድንጋይ ነው፤ እኛም ከዚህ በኋላ የጣራ ድንጋይ እንለዋለን። ይህን ድንጋይ በእንስሳ ጀርባ ከማውረድ ይልቅ በባቡር ለማውረድ ተወሰነ። በ1865 የእንግሊዝ ፓርላማ ፈቃዱን በሕግ ሰጠ። በብሪታንያ በጠባብ ሐዲድ ላይ በእንፋሎት መኪና እየተጎተተ ተሳፋሪ እንዲያመላልስ በፓርላማ ሕግ የተፈቀደለት የመጀመሪያው ምድር ባቡርም ይኸው ሆነ። የሐዲዱ ስፋት 69 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አሮጌው የጅቡቲና የአዲስ አበባ መስመር ስፋት 1 ሜትር እንደ ነበረ ብናስታውስ፣ ይህ ምን ያህል ትንሽ እንደ ሆነ እንረዳለን።

በ1866 ሥራው ሲያልቅ ሻምበል ሄንሪ ታይለር የሚባሉ የመንግሥት መርማሪ መጥተው መስመሩን ተመለከቱ። በሐዲዱ ላይ የሚሻገሩት ድልድዮች በጣም ጠባብ ሆነው አገኟቸው። በተሳፋሪው ፉርጎና በድልድዩ ግንብ መካከል 76 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ሊኖር ሲገባ፣ የተገኘው ከ60 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ነበር። ባቡሩ በድልድዩ ሥር ቢቆምና ተሳፋሪ በሩን ከፍቶ ልውጣ ቢል መውጫ አያገኝም። ድልድዮቹን አፍርሶ እንደ ገና መሥራት ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ አንድ ብልሃት ተገኘ። ሐዲዱ በድልድዮቹ ሥር ወደ አንድ ወገን ተጠግቶ እንዲነጠፍ ተደረገ፤ በዚያው በጠበበው ወገን ያሉት የፉርጎ በሮችም ለዘለቄታው ተዘጉ። ዛሬ የሚሳፈረው ሰው በአንድ ወገን ብቻ የሚገባውና የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲሁም ከሁለቱ የመጀመሪያ መኪናዎች አንዱ፣ ታሊሊን የተባለው፣ አራት ጎማ ብቻ ስለ ነበረው ሲሄድ ወደ ላይና ወደ ታች ይዘል ነበር። ከመርማሪው ትእዛዝ በኋላ ከስተኋላው ሁለት ጎማ ተጨመረለት።

በመንገድ ላይ ያሉት ትንንሽ ጣቢያዎች ቲኬት ሻጭ አልነበራቸውም። ስለዚህ በባቡሩ ጅራት ላይ የሚቀጠለው የኮንትሮሎሩ ፉርጎ መስኮት ተበጅቶለት፣ ባቡሩ በቆመበት ሁሉ መንገደኛው ከውጭ ቆሞ ቲኬቱን ከዚያ ይገዛ ነበር። ሌላም አስገራሚ ልማድ ነበረ። ጎብኚዎች የድንጋይ መጫኛ ፉርጎ ተከራይተው፣ ሲመሽ ያለ መኪና በቍልቍለቱ ኃይል ብቻ እየተንሸራተቱ እስከ ተዊን ከተማ ይወርዱ ነበር። አደጋ ከደረሰ በኋላ ግን በ20ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ላይ ይህ ልማድ ቀረ።

በ1911 የአካባቢው የፓርላማ አባል የነበሩት ሰር ሄንሪ ሃይደን ጆንስ ካባውንና ባቡሩን ገዙ። ትርፉ እያነሰ ቢሄድም፣ እርሳቸው በሕይወት እስካሉ ድረስ ባቡሩ እንደማይቆም ቃል ገብተው ነበር። በ1946 መጨረሻ ካባው ተደረመሰና ሥራው ተዘጋ፤ ባቡሩም የተሠራለትን ጭነት አጣ። በ1948 የብሪታንያ መንግሥት ምድር ባቡሮችን ሲወርስ ይህ ትንሽ መስመር ከውርሱ ውጭ ቀረ። ሰር ሃይደን ቃላቸውን ጠብቀው በበጋ ወራት በሳምንት ጥቂት ቀን ያስኬዱት ነበር። ሐዲዱ በአብዛኛው በመጀመሪያ የተነጠፈው ነበር፤ ከሥሩ የተጋደመው እንጨት በስብሷል፤ ሣርም ውጦታል። ሰር ሃይደን በሐምሌ 1950 ሲሞቱ ቃሉም አብሮ አበቃ። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነበር፤ ባለቤቱ የሞተ፣ ትርፉም ያለቀ ነገር የማን ነው? ማንስ ሊጠብቀው ይገባል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሰጡት ሰዎች ቀዳሚው ደራሲው ቶም ሮልት ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1950 በበርሚንግሃም ከተማ በአንድ ሆቴል 70 ያህል ሰዎች ተሰበሰቡና ባቡሩን የሚጠብቅ ማኅበር እንዲቋቋም ተስማሙ። ያን ጊዜ ልምድ የሌላቸው ሰዎች ያለ ደመወዝ ምድር ባቡር ሊያስኬዱ ይችላሉ ብሎ የሚያምን ጥቂት ነበር። የሰር ሃይደን ባለቤት ግን የኩባንያውን አክሲዮን ለማኅበሩ ሰዎች ለማስተላለፍ ፈቀዱ። ግንቦት 14 ቀን 1951 ማኅበሩ የመጀመሪያውን ባቡር ከተዊን እስከ ሪዲሮነን አስኬደ።

በዚያ ዓመት መሄድ የሚችለው መኪና ዶልጎኽ የተባለው፣ በ1866 የተሠራው አሮጌ መኪና ብቻ ነበር። እርሱ ቢሰበር ሥራው ሁሉ ይቆማል። እንደ ዕድል ሆኖ በዚያው አቅራቢያ ኮሪስ የሚባል፣ የሐዲዱ ስፋት ከታሊሊን ጋር እኩል የሆነ ምድር ባቡር ነበረ። በ1948 ስለ ተዘጋ ሁለት መኪናዎቹ ያለ ሥራ ቆመው ነበርና ማኅበሩ ገዛቸው። አንዱን ሰር ሃይደን፣ ሁለተኛውንም በቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ስም ኤድዋርድ ቶማስ ብሎ ጠራቸው። ሰር ሃይደን የተባለው መኪና ሐዲዱ ከልኩ ሰፍቶ ስለ ነበር ደጋግሞ ይወድቅ ጀመር። ኤድዋርድ ቶማስ ደግሞ ሳይታደስ የማይሠራ ሆኖ ተገኘ። የሊድስ ከተማ የባቡር መኪና ሠሪ ኩባንያ ሊቀ መንበር የማኅበሩ አባል ስለ ነበሩ በፋብሪካቸው ያለ ዋጋ አሳደሱት። ከዚያም ዓመት በዓመት አባላቱ የዕረፍት ጊዜያቸውን እየሰጡ፣ ሣሩን እያጨዱ፣ የበሰበሰውን እንጨት እያወጡ ሐዲዱን እንደ ገና አነጠፉት።

አሁን ደግሞ ውድ አንባቢያችንን በፉርጎው ውስጥ አስቀምጠን መንገዱን እናሳየው። ባቡሩ የሚነሣው በተዊን ከተማ፣ ቀድሞ የጣራ ድንጋይ ከትንሹ ባቡር ወደ ትልቁ ይተላለፍበት ከነበረው ጣቢያ ነው። በዚያም የጠባብ ሐዲድ ባቡሮች ቤተ መዘክር ይገኛል። ቲኬት የሚቆርጠው፣ ከሰል የሚጨምረው፣ ባንዲራ የሚያውለበልበው ሰው ምናልባት በሌላው ቀን አስተማሪ ወይም የቢሮ ጸሐፊ፣ ወይም ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ጥቂት ደመወዝተኞች ቢኖሩም የሥራው አብዛኛው ክፍል በበጎ ፈቃደኞች እጅ ነው። ይህም ሲሆን ሥራው እንደ ጨዋታ አይቈጠርም። መኪና የሚነዳ ሰው ከታች ጀምሮ ተምሮና ተፈትኖ መምጣት አለበት፤ የተሳፋሪው ሕይወት በእጁ ነውና።

ባቡሩ መኪናዎቹ የሚያድሩበትንና የሚጠገኑበትን የፔንድሬን ግቢ አልፎ በጎች በሚሰማሩበት መስክ መካከል ይወጣል። ቀጥሎም የተራራውን ጎን ይዞ ወደ ጫካው ይገባል። ከመስኮቱ አንገቱን ያወጣ ሰው የከሰል ብናኝ ዓይኑ ውስጥ ይገባበታል። በዶልጎኽ ሦስት ቅስት ያለው፣ 15 ሜትር ተኩል ያህል ከፍታ ያለው የጡብ ድልድይ ሸለቆውን ያሻግረዋል። በዚያ መኪናው ውሃ ሲጠጣ ተሳፋሪው ወርዶ ወደ ፏፏቴው የሚሄደውን የእግር መንገድ ሊይዝ ይችላል። ከዚያ በኋላ የካባው ሠራተኞች መንደር የነበረችው አበርጊኖልዊን ትመጣለች። መጨረሻው በ1976 ለተሳፋሪ የተከፈተው የናንት ግዌርኖል ጣቢያ ነው፤ ወደዚህ ጣቢያ መኪና የሚሄድበት መንገድ ስለሌለ በባቡር ወይም በእግር ካልሆነ አይደረስበትም። ከዚህ በላይ ባለው ዳገት ድንጋይ የሞሉ ፉርጎዎች በገመድ ታስረው ሲወርዱ፣ በክብደታቸው ባዶዎቹን ወደ ላይ ይስቡ ነበር። ርቀቱ በጠቅላላው ወደ 12 ኪሎ ሜትር ሲሆን አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ይህም ፈረስ በሶምሶማ ከሚሄደው ብዙ አይበልጥም። ለመቸኰል የፈለገ ሰው በአስፋልቱ መሄድ ይችላል።

ከ1951 በፊት ተሳፋሪው ገንዘቡን ከፍሎ ወደ ገበያው ወይም ወደ ቤቱ የሚወሰድ መንገደኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የከፈለው ቲኬት የከሰል፣ የብረትና የእንጨት መግዣ ስለሚሆን፣ ባቡሩን ከሚጠብቁት አንዱ ሆኗል። አንድ ቀን ለመሳፈር መጥተው በኋላ የሥራ ልብስ ለብሰው የተመለሱ ብዙዎች ናቸው። የሕፃናት የባቡር ተረቶች ጸሐፊ የሆኑት ቄስ ኦድሪ በበጎ ፈቃድ ኮንትሮሎርነት ሠርተው፣ በዚያ ያዩትን በመጽሐፎቻቸው ውስጥ አግብተውታል። የታሊሊን ምሳሌ ለሌሎችም ተረፈ። በዚያው በዌልስ የፌስቲኒዮግ ምድር ባቡር በ1955፣ በእንግሊዝም የብሉቤል ምድር ባቡር በ1960 በበጎ ፈቃደኞች እንደ ገና ተከፈቱ። በ2021 ዩኔስኮ የሰሜን ምዕራብ ዌልስን የጣራ ድንጋይ አገር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ካባው፣ የሠራተኞቹ መንደርና ይህ ምድር ባቡር አብረው ተመዘገቡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ልንል ይገባል። እነዚህ ሰዎች የተዘጉትን በሮች ቆርጠው በመክፈት ወይም ሰፋፊ ፉርጎ በማምጣት ብቻ ተሳፋሪውን ለማስደሰት አላሰቡም። የመጀመሪያዎቹን ፉርጎዎች ከነቲኬት መስኮታቸው ጠብቀው ያኖሯቸዋል። ተሳፋሪው ለምን በሩ በአንድ ወገን ብቻ ሆነ ብሎ በጠየቀ ጊዜ የ1866 ታሪክ ይነገረዋል። ምክንያቱ የተነገረው ሰው ደግሞ ስለ ጠባብነቱ ማጕረምረሙን ይተዋል።

በአገራችንም ከጅቡቲ የተነሣው አሮጌው ምድር ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገብቶ ከተሞችን አቅንቷል። በ2016 ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ መስመር ተመርቋል። አዲሱ በመምጣቱ ደስ ሲለን፣ በአሮጌው የሠሩና የተሳፈሩ አባቶችና እናቶች የሚያውቁትን ሳንጠይቃቸው እንዳያልፉ መትጋት የእኛ የተማሪዎች ፈንታ ነው። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ደብተርና ትዕግሥት ይበቃል።

ትምህርት ቤታችን የተቋቋመበትን በዓል በምናከብርበት በዚህ ጊዜ የታሊሊንን ታሪክ ለመጻፍ የመረጥነው ስለዚህ ነው። ከዚህ ቤት ወጥተን ስንሄድ እንደ ተሳፋሪ መድረሻችን ላይ ወርደን መርሳት ይቻለናል። ተመልሰን በምንችለው ሁሉ ቤቱን ማገዝም ይቻለናል። ሰባ ያህል ሰዎች ባለቤት ያጣውን ባቡር ካቆሙት፣ ብዙ ልጆች ያሉት ትምህርት ቤት ጠባቂ ሊያጣ አይገባውም።