የረጅም ጉዞ ሞተር ሳይክል በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ

የረጅም ጉዞ ሞተር ሳይክል ማለት አሽከርካሪውንና ጭነቱን ይዞ በአንድ ቀን በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ያለ ብዙ ድካምና ያለ ተደጋጋሚ ብልሽት እንዲጓዝ የተመረጠ ወይም የተስተካከለ ሞተር ሳይክል ነው። በዓለም ገበያ ከዚህ ወገን ፈጣኑ ዓይነት «ስፖርት ቱሪንግ» ይባላል። በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች ግን ከፍታው፣ ዳገቱና ቁልቁለቱ የምርጫውን መመዘኛ ይለውጡታል። በዚህ አካባቢ ከፍተኛ ፍጥነት ካለው ሞተር ይልቅ በዝቅተኛ ማርሽ በደንብ የሚጎትት፣ ፍሬኑ የሚታመን፣ ክብደቱ ቀላል የሆነና በቅርብ ሊጠገን የሚችል ሞተር ተመራጭ ነው።

ዓይነቶች

ስፖርት ቱሪንግ የእሽቅድምድም ሞተርን ጉልበት ከረጅም ጉዞ ምቾት ጋር ያጣምራል። የጀርመኑ ቢ ኤም ደብሊው እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው አር 100 አር ኤስ ሙሉ የነፋስ መከላከያ ስለነበረው ከዚህ ዓይነት ቀዳሚዎች መካከል ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ያማሃ ኤፍ ጄ አር 1300ም የታወቀ ምሳሌ ነው። እነዚህ ሞተሮች ለጥሩ አስፋልት የተሠሩ፣ ከባድና ከመሬት ብዙ ከፍ ያላሉ በመሆናቸው ለኮሮኮንች መንገድ አይመቹም።

ሁለተኛው ዓይነት «አድቬንቸር» የሚባለው ነው። ከመሬት ከፍ ያለ፣ አሞርዛተሩ ረጅም፣ የነዳጅ ታንኩም ትልቅ ነው። ሦስተኛው በኢትዮጵያ ከተሞችና ገጠሮች በብዛት የሚታየው ከ100 እስከ 200 ሲሲ የሆነ ቀላል ሞተር ነው። ለረጅም ጉዞ ተብሎ ባይሠራም በማስተካከያ ለዚሁ አገልግሎት ሊውል ይችላል።

በአካባቢው ያለፉ ተጓዦች

ከሱዳን በመተማ በኩል ወደ ጎንደር የሚወጣው መንገድ አፍሪካን ከሰሜን ወደ ደቡብ በሞተር የሚያቋርጡ ተጓዦች ከሚጠቀሙባቸው መስመሮች አንዱ ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ቴድ ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1973 ከለንደን ተነስቶ አራት ዓመት በፈጀው የዓለም ዙሪያ ጉዞው ኢትዮጵያን ያቋረጠው በ500 ሲሲ ትራያምፍ ሞተር ብቻውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የፊልም ተዋናዮቹ ኢዋን ማግሬገርና ቻርሊ ቦርማን ከስኮትላንድ እስከ ኬፕ ታውን ባደረጉት ጉዞ ኢትዮጵያን በቢ ኤም ደብሊው አር 1200 ጂ ኤስ አድቬንቸር አቋርጠዋል። ሞተሮቻቸው 33 ሊትር ነዳጅ የሚይዙና ከ250 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝኑ ሲሆኑ የድጋፍ መኪኖችም አብረዋቸው ነበሩ። ከሁለቱ ጉዞዎች እንደሚታየው የሞተሩ ትልቅነት ብቻውን ወሳኝ አይደለም፤ ብቻውን የሚጓዝ ሰው ሲወድቅ ሊያነሳው የሚችለውን ሞተር መምረጥ አለበት።

የመንገዱ ጠባይ

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ በ2,133 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ከጎንደር በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ወደ ደባርቅ የሚወስደው አስፋልት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ከደባርቅ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ ይወርዳል፤ ይህ መንገድ መጀመሪያ የተሠራው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ሁለተኛው ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይገባና በቧሂት በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በሌላ አቅጣጫ ከጎንደር ወደ መተማ የሚጓዝ ሰው ወደ 700 ሜትር ከፍታ ገደማ፣ ወደ ሞቃታማው ቆላ ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ሞተር በአንድ ቀን ውስጥ ውርጭና ሙቀት፣ አስፋልትና ጠጠር ሊገጥመው ይችላል።

ከፍታና የሞተር ጉልበት

ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ወደ ሞተሩ የሚገባው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። በግምት ሲታይ ሞተሩ በባሕር ጠለል ላይ ከሚሰጠው ጉልበት በጎንደር አንድ አምስተኛውን፣ በደባርቅ ሩቡን፣ በ4,200 ሜትር ላይ ደግሞ ሲሶውን ያጣል። ስለዚህ በመግለጫው ላይ 12 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ሞተር በደባርቅ የሚሰጠው 9 ያህል ብቻ ነው።

ባለ ካርቡሬተር ሞተር ሌላም ችግር አለበት። የሚገባው አየር ሲሳሳ የነዳጁ መጠን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ድብልቁ በነዳጅ ይበዛል። ምልክቱ ጥቁር ጭስ፣ በጥላሸት የጠቆረ ካንዴላና የነዳጅ ፍጆታ መጨመር ነው። መፍትሔው በካርቡሬተሩ ውስጥ ነዳጅ የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ ትንሽ ብሎን ቀዳዳው በጠበበ መለወጥ ነው። ሆኖም በዚህ ሁኔታ ወደ መተማ ቆላ የሚወርድ ሰው የቀድሞውን መመለስ ይኖርበታል፤ ነዳጅ ያነሰው ድብልቅ በሙቀት ቦታ ሞተሩን ከመጠን በላይ ሊያግልና ፒስተኑን ሊጎዳ ይችላል። ነዳጅ በኤሌክትሮኒክስ የሚረጭ ሞተር መጠኑን ራሱ ያስተካክላል፤ ሲበላሽ ግን ለመጠገን የተለየ መሣሪያ ሊያስፈልገው ይችላል።

አመራረጥ

ሞተር ሲመረጥ የሚከተሉት ነጥቦች ይታያሉ።

መለዋወጫ፦ ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ገመድና ካቴና በጎንደር ገበያ መገኘታቸው ከመግዛት በፊት ይጣራል። በከተማው በብዛት የሚነዳ ሞተር መለዋወጫውም መካኒኩም ቅርብ ነው።

የነዳጅ ርቀት፦ አንድ ሞተር በሜዳ በሊትር 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ጭነት ይዞ በዳገት 30 ብቻ ሊሄድ ይችላል። 11 ሊትር የሚይዝ ታንክ በዚህ ስሌት 330 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ለጎንደር–ደባርቅ ደርሶ መልስ ይበቃል፤ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ለሚሆነው የጎንደር–አክሱም መስመር ግን አይበቃም።

ቸርኬና ጎማ፦ ባለ ሽቦ ቸርኬ ድንጋይ ሲመታው ቢጣመም ሊቃና ይችላል፤ በፋብሪካ አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራው ግን ሊሰነጠቅ ይችላል። የውስጥ ጎማ ያለው በማንኛውም ጎሚስታ ይለጠፋል።

ማስተካከያዎች

የካቴና ጥርሶች፦ በትንሽ ወጪ ብዙ ለውጥ የሚያመጣው ማስተካከያ የፊቱን ጥርስ (ፒኞን) ወይም የኋላውን (ኮሮና) መለወጥ ነው። ለምሳሌ ፊቱ 14፣ ኋላው 42 ጥርስ ያለው ሞተር ፊቱ ወደ 13 ቢቀየር በእያንዳንዱ ማርሽ የመጎተት ኃይሉ 8 በመቶ ያህል ይጨምራል። የሞተሩ ጉልበት ግን አይጨምርም፤ በሜዳ ላይ ፍጥነቱ በተመሳሳይ መጠን ይቀንሳል። በዚህም ከፍታው የወሰደው ኃይል በከፊል ይካካሳል።

ጭነት፦ ፖርቶመጋላ በብየዳ ቤት ሊሠራ ይችላል። ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎና ወደ ሞተሩ መሐል ተጠግቶ መታሰር አለበት። ከኋላ ጎማው ባለፈ ከፍታ ላይ የተከመረ ጭነት በዳገት የፊት ጎማውን ያቀልለዋል፤ መሪውም መንገድ አይዝም። ብየዳው ፍሬሙ ላይ በቀጥታ ከሚሆን ይልቅ ፖርቶመጋላው በብሎን ቢታሰር ይመረጣል፤ የብየዳ ሙቀት የፍሬሙን ብረት ሊያዳክመው ይችላል።

ነዳጅ፦ ተጨማሪ ቤንዚን ለነዳጅ በተሠራ ጀሪካን ከማርሚታው ርቆ ይያዛል። በመንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን ውሃ ወይም ላምባ ሊቀላቀልበት ይችላል። በጨርቅ ማጥለል ቆሻሻውን ቢያስቀርም ላምባውን አይለይም።

ነፋስና ብርድ፦ አነስተኛ የነፋስ መስታወትና የእጅ መከላከያ የስፖርት ቱሪንግን ምቾት በከፊል ይሰጣሉ። በብርድ የደነዘዘ ጣት ፍሬንና ፍሪሲዮን በጊዜው አይዝም።

ቁልቁለትና ፍሬን

ከሁሉም የሚያሰጋው ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። ሞተሩ፣ አሽከርካሪውና ጭነቱ በድምሩ 220 ኪሎ ግራም ቢመዝኑና 1,000 ሜትር ከፍታ ቢወርዱ የሚለቁት ኃይል 6 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ይሆናል። ይህ ሁሉ በፍሬን ሸራ ላይ ከወረደ ሸራው ይግላል፤ መያዙም ይቀንሳል። በዘይት የሚሠራ ፍሬን ከሆነ ደግሞ ዘይቱ ሊፈላና ማንሻው ያለ ተቃውሞ ሊገባ ይችላል። እንደ ሊማሊሞ ባለ ገደላማ መንገድ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ወደ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ መቀነስና ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ ማድረግ ያስፈልጋል። ፍሬኑ ከመታጠፊያው በፊት አጥብቆ ተይዞ ይለቀቃል እንጂ ሳይለቀቅ እየተያዘ አይወረድም። ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ ሞተር አጥፍቶ ወይም በዜሮ ማርሽ መውረድ ሙቀቱን በሙሉ ወደ ፍሬን ያዞረዋል። ከጉዞ በፊት የሸራው ውፍረት፣ የፍሬን ዘይቱ ዕድሜና የካቴናው ውጥረት ይታያሉ።

የጉዞ ወቅት

ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የዝናብ ወቅት ጉም፣ ጭቃና የመሬት መንሸራተት ያጋጥማሉ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆንም በስሜን ከፍታዎች ሌሊት ውርጭ ይጥላል። በገበያ ቀን መንገዱ በእግረኛና በጭነት እንስሳት ስለሚሞላ ፍጥነት መቀነስ፣ ከምሽት ጉዞም መቆጠብ ይመከራል። በሰሜን ኢትዮጵያ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው ጦርነትና ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት ምክንያት የመንገዶች መከፈትና መዘጋት ሲለዋወጥ ቆይቷል። በመሆኑም ተጓዥ ከመነሳቱ በፊት የመንገዱን ሁኔታ በየከተማው ካሉ ሾፌሮችና ከአካባቢው አስተዳደር መጠየቅ ይኖርበታል።