የፍራፍሬ ዝንብ በነርቭ መመናመን በሽታዎች ምርምር

የፍራፍሬ ዝንብ (በሳይንሳዊ ስሟ ድሮሶፊላ ሜላኖጋስተር) የፓርኪንሰን፣ የአልዛይመር፣ የሀንቲንግተንና መሰል በሽታዎች የአንጎል ሕዋሳትን እንዴት እንደሚገድሉ ለማጥናት በቤተ ሙከራ የምትረባ፣ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ርዝመት ያላት ዝንብ ናት። እነዚህ በሽታዎች በሰው ላይ ለዓመታት ተደብቀው ይቆያሉ። የፓርኪንሰን ሕመምተኛ እጁ መንቀጥቀጥ በሚጀምርበት ጊዜ ዶፓሚን ከሚያመነጩት ሕዋሳቱ ብዙዎቹ አስቀድመው ሞተዋል። በሕይወት ያለን ሰው አንጎል ከፍቶ ሂደቱን መከታተል ደግሞ አይቻልም። ዝንቧ ግን በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ከእንቁላል ተነስታ በ10 ቀን ገደማ ትጎለምሳለች፤ ዕድሜዋም ከሁለት እስከ ሦስት ወር ነው። ስለዚህ እርጅናን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ የትምህርት መንፈቅ ውስጥ ማየት ይቻላል።

ስያሜ

በአማርኛ «የፍራፍሬ ዝንብ» የሚለው ስም ለሁለት የተለያዩ ነፍሳት ስለሚውል ብዙ ጊዜ ያደናግራል። የግብርና ባለሙያዎች በዚህ ስም የሚጠሩት ጤነኛ ማንጎን ወግታ እንቁላሏን የምትጥለውንና ምርት የምታበላሸውን ትልቋን ዝንብ ነው። የቤተ ሙከራዋ ዝንብ ሌላ ናት፤ እሷን የሚስባት የእርሾ ሽታ ነው። በፍኖተ ሰላም ገበያ ከመጠን በላይ በበሰለ ሙዝና ማንጎ ላይ፣ በቡሬና በአካባቢው ገጠር ደግሞ በጠላ ጋንና በአረቄ ድፍድፍ አፍ ላይ የሚያንዣብቡት፣ ሰው በጅምላ «ትንኝ» የሚላቸው ቀይ ዓይን ያላቸው ትናንሽ ዝንቦች የድሮሶፊላ ወገን ናቸው። ጠላ ውስጥ ገብታ ስትገኝ በጣት ተነስታ የምትጣለው ዝንብ በሳይንስ ከማንኛውም እንስሳ በላይ ከተጠኑት አንዷ ናት ማለት ነው።

ታሪክ

ቶማስ ሀንት ሞርጋን በኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1910 ነጭ ዓይን ያለው ዝንብ ካገኘ በኋላ ዝንቧ የዘር ውርስ ጥናት ዋና መሣሪያ ሆነች፤ እሱም በ1933 የኖቤል ሽልማት አገኘ። የዝንቧ ሙሉ ዘረመል በ2000 ታትሟል። ለሰው በሽታ ምክንያት ከሚሆኑት ጂኖች 75 ከመቶ ያህሉ በዝንቧ ውስጥ አምሳያ እንዳላቸው ይገመታል።

ወደ ነርቭ በሽታ የተዞረው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1998 የናንሲ ቦኒኒ ቡድን ለአንድ የሚወረስ የሰው የነርቭ በሽታ ምክንያት የሆነውን የተበላሸ ፕሮቲን በዝንብ ዓይን ውስጥ እንዲመረት አደረገ፤ የዓይኑም ሕዋሳት ሞቱ። በ2000 ሜል ፊኒና ዌልካም ቤንደር ከፓርኪንሰን ጋር የተያያዘውን አልፋ ሳይኑክሌን የተባለ የሰው ፕሮቲን በዝንቧ አንጎል ውስጥ አስገቡ። ዝንቧ በተፈጥሮዋ ይህ ፕሮቲን የላትም። ያም ሆኖ ዶፓሚን አመንጪ ሕዋሳቷ ሲቀንሱና የመውጣት ችሎታዋ ሲዳከም ታየ። የሕዋሱ ሞት መጠን በኋላ አከራክሯል፤ በሌላ ዘዴ የቆጠሩ ቤተ ሙከራዎች ተመሳሳይ ውጤት አላገኙም።

አሠራር

ዋናው መሣሪያ ጋል4 የሚባለው ሥርዓት ሲሆን በ1993 በአንድሪያ ብራንድና በኖርበርት ፔሪሞን ቀርቧል። አንዷ ዝንብ ማብሪያውን፣ ሌላዋ የበሽታውን ጂን ትይዛለች፤ ሁለቱ ሲዳቀሉ ጂኑ በልጆቻቸው በተመረጡት ሕዋሳት ውስጥ ብቻ ይሠራል። ዓይን ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ዝንቧ ያለ ዓይንም በጠርሙስ ውስጥ መኖር ስለምትችልና ጉዳቱ በማይክሮስኮፕ በቀላሉ ስለሚታይ ነው።

የእንቅስቃሴ ፈተናው ቀላል ነው። ዝንቦች በብልቃጥ ተደርገው ብልቃጡ ሲመታ ሁሉም ወደ ታች ይወድቃሉ፤ ጤነኞቹ ወዲያው ግድግዳውን ይዘው ይወጣሉ። በተወሰነ ሰኮንድ ከምልክቱ በላይ የደረሱት ይቆጠራሉ። ምግባቸውም የበቆሎ ዱቄት፣ ስኳር፣ እርሾና ማርጊያ አጋር ነው፤ በበቆሎ ለሚታወቀው ለጃቢ ጠህናንና ለቡሬ አካባቢ ከአጋሩ በቀር እንግዳ ነገር የለበትም። አስቸጋሪው ሙቀቱን ማስጠበቅ ነው። ጋል4 በ29 ዲግሪ ጠንክሮ፣ በ18 ዲግሪ ደክሞ ስለሚሠራ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ውጤቱ ይዛባል።

የፒንክ1 እና የፓርኪን ጉዳይ

የዝንቧ ትልቁ አስተዋጽኦ ይህ ሳይሆን አይቀርም። በወጣትነት ከሚጀምር ፓርኪንሰን ጋር የተያያዙ ፒንክ1 እና ፓርኪን የተባሉ ሁለት ጂኖች ታውቀው ነበር፤ ግንኙነታቸው ግን አልታወቀም ነበር። በ2006 አንድ የአሜሪካና አንድ የደቡብ ኮሪያ ቡድን ፒንክ1 የሌላቸውን ዝንቦች አጠኑ። ክንፋቸው ተበላሽቷል፣ የበረራ ጡንቻቸው ሟሽሿል፣ ለሕዋስ ኃይል የሚያመነጨው ማይቶኮንድሪያም ተጎድቷል። ፓርኪን ሲጨመርላቸው ዳኑ። በተቃራኒው ፓርኪን ለሌላቸው ዝንቦች ፒንክ1 ቢጨመር አልጠቀመም። ከዚህ በመነሳት ፒንክ1 ትእዛዝ ሰጪ፣ ፓርኪን ደግሞ ተከታይ መሆኑ ታወቀ። በኋላ በሰውና በሌሎች አጥቢ እንስሳት ሕዋሳት የተደረጉ ጥናቶች ሁለቱ አብረው የተበላሸ ማይቶኮንድሪያን እንደሚያስወግዱ አሳይተዋል።

ገደቦችና የጓያ ምሳሌ

በዝንብ ላይ የሠራ መድኃኒት በሰው ላይ ይሠራል ማለት አይደለም። የአዋቂ ዝንብ አንጎል ወደ 140,000 የነርቭ ሕዋሳት ብቻ አሉት፤ የሰው 86 ቢሊዮን ገደማ ነው።

ልዩነቱን ለመረዳት በጎንደር፣ በጎጃምና በወሎ የሚዘራው ጓያ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጓያ በድርቅ ጊዜ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን በውስጡ ያለው ቤታ ኦዳፕ የተባለ መርዝ እግርን ሽባ ያደርጋል። በኢትዮጵያ ጉዳዩን የነርቭ ሐኪሙ ረዳ ተክለሃይማኖት በሰፊው አጥንተውታል። ከፓርኪንሰን በተለየ ይህ ሕመም መርዙ ከቆመ በኋላ እየባሰ አይሄድም፤ የደረሰው ጉዳት ግን አይመለስም። መርዙ የሚሠራው ግሉታሜት የተባለውን የነርቭ መልእክተኛ በመምሰል ነው። በሰው ላይ ነርቭ ጡንቻን የሚያዝዘው በአሴቲልኮሊን ሲሆን በዝንብ ላይ ግን በግሉታሜት ነው። ስለዚህ መርዙን የበላች ዝንብ ከብልቃጡ ግድግዳ ብትወድቅ ችግሩ ከጡንቻዋ ይሁን ከነርቭ ሕዋሷ በመውጣት ፈተና ብቻ መለየት አይቻልም።

የኢትዮጵያ ዝንቦች

ድሮሶፊላ ሜላኖጋስተር መነሻዋ ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ፣ በተለይም 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው ፍቼ የተሰበሰቡት ዝንቦች ከቆላዎቹ በአካል ይበልጣሉ፤ የደጋ ዝንቦች ቀለማቸውም ይጠቁራል። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው የጆን ፑል ቤተ ሙከራ እነዚህን ዝንቦች ያጠናው ስለ በሽታ ሳይሆን ከብርድና ከከፍታ ጋር ስለ መላመድ ነው። ፍኖተ ሰላም 1,900፣ ቡሬ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ ከፍቼ ዝቅ ይላሉ።