የጨርጨር ሐዲድና በቺፕ ላይ የሚጻፈው ትእዛዝ

በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ዘመን፣ በሩሲያ የመድፍ ትምህርት ተምረው የተመለሱት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን ለሌላው አውራጃ ምሳሌ እንድትሆን ሲያቀኗት፣ ከተማይቱ ከውጭው ዓለም ጋር የምትገናኘው ቁልቁል በሚኤሶ ጣቢያ በሚያልፈው ምድር ባቡር ነበር። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ፣ ቆላውንም አቋርጦ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ ከጭነቱና ከመንገደኛው ሌላ የእጅ ጥበብን ትምህርት ይዞ ገብቷል። የእንፋሎት ባቡር ምሥጢሩን አይሰውርምና፣ በድሬዳዋው የጥገና ሥፍራ መፍቻ የያዘ ሰው ብሎኑን ፈትቶ ፒስተኑን በዓይኑ አይቶ በእጁ ዳስሶ፣ ፊደል ሳይቆጥር እንኳ ከባለሙያው ጎን በመቆም ብቻ መካኒክ ለመሆን ይችል ነበር።

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር በዚያው በሚኤሶ ቢያልፍም ምሥጢሩን እንዲህ አይገልጥም። በ25 ሺህ ቮልት የሚነዳው ሎኮሞቲቭ የሚታዘዘው በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ላይ ላሉ ቺፖች በተጻፈ ፕሮግራም ነው፤ ይህንንም መፍቻ አይፈታውም። እንግዲህ የዛሬው መካኒክ ትእዛዙን ማንበብና መጻፍ ካልተማረ፣ ሥራው ሰሌዳ ነቅሎ ሰሌዳ መተካት ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ይህም እንደ እኔ አስተያየት ከአባቶቹ ሙያ ወደ ኋላ መመለስ ነው።

ደግነቱ በሩ አልተዘጋም። ኢንተል እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው 8051 ማስላቱንም፣ ማስታወሱንም፣ ከውጭ ምልክት መቀበሉንም በአንድ ቺፕ ጠቅልሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ በኢጣልያ በኢቭሬያ ከተማ የነበሩ መምህራን መሐንዲስ ላልሆኑ ተማሪዎቻቸው አርዱዊኖ የተባለውን ርካሽ ሰሌዳ አዘጋጁ። አሰበ ተፈሪም፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናትና፣ ይህ ትምህርት ለልጆቿ የሩቅ አገር ወሬ ሊሆን አይገባም።

ጀማሪው ተማሪ በተለመደው የአርዱዊኖ ሰሌዳ ላይ የሚያገኘው ቺፕ ለሥራ የሚገለገልበት ማኅደረ ትውስታ 2048 ባይት ብቻ ስለ ሆነ፣ ይህ የምታነቡት ጽሑፍ እንኳ ተጠቃልሎ አይገባበትም፤ ሰዓቱ ግን በሴኮንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል። ተማሪው አንድ ማብሪያ አገናኝቶ፣ በተጫነ ቁጥር እንዲቈጥር ቢያዝዘው፣ አንድ ጊዜ ተጭኖ ሦስት ወይም አራት ተቈጥሮ ያገኘዋል። ፕሮግራሙን ደጋግሞ ቢመረምር ስሕተት አያገኝበትም፤ ምክንያቱም ነገሩ ያለው በብረቱ ላይ ነው። የማብሪያው ብረቶች አጥብቀው ከመገጣጠማቸው በፊት ለጥቂት ሺሕኛ ሴኮንድ እየተነካኩ ይላቀቃሉ፤ የሰው ዓይን የማያየውን ይህን መንቀጥቀጥ ፈጣኑ ቺፕ እያንዳንዱን እንደ አዲስ ትእዛዝ ይቀበለዋል። መድኃኒቱም ቺፑ የመጀመሪያውን ምልክት ሲያይ ለ20 ሺሕኛ ሴኮንድ ያህል ታግሦ ዳግመኛ እንዲያነብ ማዘዝ ነው።

ይህን የለየ ወጣት፣ በሂርና ወይም በገለምሶ የተበላሸ የውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ቢቀርብለት፣ አዲስ ሰሌዳ ከመጠየቁ በፊት ምልክቱ በየትኛው የቺፑ እግር እንደሚገባ፣ ቺፑም እስኪያምነው ድረስ ስንት ጊዜ እንደሚያነበው መርምሮ፣ እንዳስፈላጊነቱ የራሱን ፕሮግራም ለመጻፍ ይችላል።