በ111 ዓመቱ የወለደው ሄንሪ

በኒውዚላንድ ደቡባዊ ጫፍ፣ ኢንቨርካርጊል በምትባል ከተማ ሙዚየም ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ አንድ ቁጡ ሽማግሌ ይኖር ነበር። ስሙ ሄንሪ ነው። ዘሩ ቱዋታራ ይባላል። እንሽላሊት ይመስላል፤ በጀርባው ላይ ከአናቱ ጀምሮ እሾህ መሳይ ነገር ተደርድሯል። «ይመስላል» ያልኩት አውቄ ነው፤ እደርስበታለሁ።

ሄንሪ ሴት አጠገቡ እንድትደርስ አይፈልግም ነበር። ሚልድረድ የምትባለዋን ቢያቀርቡለት ጅራቷን ነክሶ ቆረጠው። ጠባቂዎቹ ምን ያድርጉ? ለየብቻ አኖሯቸው። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት ነጎዱ።

እሱ እዚያ እያኮረፈ ይቆየን፣ እኛ ወደ ዘር ሐረጉ እንሂድ። በ1831 ለንደን ውስጥ ጆን ኤድዋርድ ግሬይ የተባለ ሊቅ የአንዱን ቱዋታራ የራስ ቅል አገላብጦ አየና ከእንሽላሊቶች ተርታ መደበው። 36 ዓመት አለፈ። በ1867 አልበርት ጉንተር አጥንቶቹን አንድ በአንድ ሲመረምር ነገሩ ሌላ ሆነ። እንሽላሊት አይደለም! ወገኖቹ በዳይኖሰሮች ዘመን በብዙ የዓለም ክፍል ተሰራጭተው የነበሩ፣ ኋላም ከምድር የጠፉ ናቸው። ዛሬ እባብና እንሽላሊት ባንድ ላይ ከ11 ሺህ በላይ ዝርያ አላቸው፤ ከነሱ 250 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ የተለየው ያ ነገድ ግን ቱዋታራን ብቻ አስቀርቷል።

አንዳንዶች «ሕያው ቅሪተ አካል» ይሉታል። እኔ ይህ ስም አይዋጥልኝም፤ እንስሳውን ቆሞ የቀረ ያስመስለዋል። ልብ በሉ እስቲ፦ ሌላው ተሳቢ እንስሳ በብርድ ሲደነዝዝ ቱዋታራ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች በወረደ ሌሊት እንኳ ወጥቶ ያድናል። በአናቱ ላይ ሌንስና የብርሃን መቀበያ ያለው ሦስተኛ ዓይን አለው፤ በጫጩትነቱ በግልጽ ይታያል፣ ከወራት በኋላ ቅርፊት ይሸፍነዋል። ጥርሱ ከመንጋጋ አጥንቱ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ካለቀ ምትክ የለውም። ያረጀ ቱዋታራ ጠንካራ ጢንዚዛ መፍጨት ሲያቅተው ወደ ትልና ወደመሳሰለው ለስላሳ ምግብ ይዞራል።

ኑሮው ሁሉ በዝግታ ነው። ሴቷ እንቁላል የምትጥለው በየሁለት፣ ሲከፋም በየአምስት ዓመቱ ነው፤ የቀበረችው እንቁላል ለመፈልፈል ከአንድ ዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል። አይጥ ይህን ያህል ይታገሣል? ሰዎች በጀልባና በመርከብ ወደ ኒውዚላንድ ሲመጡ አይጦች አብረው ገቡ፤ እንቁላሉንም ጫጩቱንም ጨረሱት። ቱዋታራ ከዋናዎቹ ደሴቶች ጠፍቶ በአብዛኛው አይጥ ባልደረሰባቸው ትንንሽ ደሴቶች ላይ ብቻ ተረፈ። በ2005 ግን ዌሊንግተን ውስጥ አይጥ በማያስገባ አጥር ወደተከበበ ጥብቅ ቦታ የተወሰኑትን መለሷቸው።

አይጥን አጥር ይመልሰዋል፤ ሙቀትን ምን ይመልሰዋል? ጫጩቱ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን የሚወስነው የጎጆው አፈር ሙቀት ነው። 22 ዲግሪ አካባቢ ድንበሩ ነው፤ ቀዝቀዝ ካለ ሴት፣ ሞቅ ካለ ወንድ። ምድር እየሞቀች ስትሄድ ወንድ ብቻ የሞላበት ደሴት ማለት ነው። እኔን ከአይጡ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው።

ወደ ሽማግሌያችን ልመልሳችሁ። በ2002 ከብልቱ አካባቢ ዕጢ ተገኘበትና በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ጉድ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ቁጣው ሁሉ በረደ! ለካ ያን ሁሉ ዘመን ሕመም ኖሯል የሚያናክሰው። በ2008 ያችኑ ጅራቷን የቆረጣትን ሚልድረድን ተገናኛት። እሷ ወደ 80 የተጠጋች፣ እሱ እንደ ጠባቂዎቹ ግምት 111 ዓመት የሞላው፤ የዐድዋ ድል ወሬ ገና ትኩስ ሳለ የተፈለፈለ መሆኑ ነው። 12 እንቁላል ጣለች። በጥር 2009 ከነዚያ ውስጥ 11ዱ ተፈለፈሉ።

አባትነቱን ግን እንደኛ አባትነት አትቁጠሩት። ትልቅ ቱዋታራ ትንሹን ካገኘ ይበላል። በዱር ያሉት ጫጩቶችም ለምግብ የሚወጡት በቀን፣ ትልልቆቹ ጉድጓዳቸው ውስጥ ሳሉ ነው።