ማጥፊያው የት ነው?

ብሮውዘር ስትከፍቱ ከጎን «ላሳጥርልህ፣ ልጻፍልህ» የሚል ነገር ብቅ ማለት ከጀመረ ሰነበተ። ኤጅ ላይ ኮፓይለት፣ ክሮም ላይ ጄሚናይ። ማን ጠራው? ማንም። ሰዉ ይኼን የኤአይ ዘመን አዲስ ጣጣ አድርጎ ያወራል፤ እኔን ግን የሚያስታውሰኝ ፖፕ-አፕን ነው።

ፖፕ-አፕ፣ ያ ሳትጠሩት ዘሎ የሚወጣው የማስታወቂያ መስኮት፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ትራይፖድ የሚባል ድርጅት ውስጥ ተወለደ። አንድ የመኪና ኩባንያ ማስታወቂያው ወሲብ ነክ ገጽ ላይ ተለጥፎ አይቶ ተቆጣ። ማስታወቂያው በራሱ መስኮት እንዲወጣ ኮዱን የጻፈው ኢታን ዙከርማን በ2014 በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። (በደቂቃ እየከፈለ ኢንተርኔት ካፌ ለተቀመጠ ሰው ይቅርታው ትንሽ ዘግይቷል።)

የሚገርመው ግን የኔትስኬፕ ነገር ነው። ሞዚላ በ2002 ያወጣው ብሮውዘር ፖፕ-አፕ መከልከያ ነበረው። በዚያው ዓመት የወጣው ኔትስኬፕ 7.0 ደግሞ የተሠራው በዚሁ በሞዚላ ኮድ ነው። ታዲያ መከልከያው የት ገባ? ተነሥቷል! ሠሪዎቹ አቅቷቸው እንዳይመስላችሁ፤ ኮዱ እጃቸው ላይ ነበር። ኔትስኬፕ ግን የኤኦኤል ንብረት ነበር፣ ኤኦኤል ደግሞ ማስታወቂያ ሻጭ። ተጠቃሚው ጮኸ፣ ተሳደበ። ከጥቂት ወራት በኋላ 7.01 ሲወጣ መከልከያው ተመልሶ መጣ። በ2004 ማይክሮሶፍት እንኳ በኤክስፒ ሰርቪስ ፓክ 2 ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ላይ ጨመረው፤ ያውም ገና ከመነሻው በርቶ። ማንም ሴቲንግ ውስጥ ሲፈልገው አልዋለም።

ወደ ኤአይ እንመለስ። በታኅሣሥ 2025 የሞዚላ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ፋየርፎክስ የኤአይ ብሮውዘር እንደሚሆን ሲናገር የድሮ ደንበኞቹ ተንጫጩ። በየካቲት 2026 ፋየርፎክስ 148 ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚዘጋ ማጥፊያ ይዞ ወጣ። ወደፊት የሚመጡትንም ይከለክላል። ጥሩ ነው፤ ግን ልዩነቱን ልብ በሉ፦ ፖፕ-አፕ በመጨረሻ ሳንጠይቅ ነበር የሚዘጋልን፣ ኤአዩን ግን ራሳችን ሄደን ካልዘጋነው ክፍት ነው። ማጥፊያ መኖሩን ያልሰማ ሰው «ፈቅዷል» ተብሎ ይቆጠራል።

ፋየርፎክስ ያላችሁ ሴቲንግ ግቡና የኤአይ መቆጣጠሪያውን ፈልጉ። ሁሉን ዘግታችሁ ትርጉሙን ብቻ ማስቀረትም ትችላላችሁ። እኔ ያደረግሁት እንደዚያ ነው።