በሚስት አገር ስለ መቀመጥ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የርስት መብት ከአባትም ከእናትም ይወረስ ነበር። ስለዚህ በአካባቢው ርስት የሌለው ወንድ የባለርስት ልጅ ሲያገባ የሚስቱን ድርሻ ያርሳል፤ መሬቱ ግን የእርሷና የልጆቿ ነው። ይህ ልማድ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ኖሯል። ባልየው እንግድነቱ ባይፋቅም፣ ጎጆ ለመውጣት የማንንም ማኅተም አይጠብቅም ነበር።

የውጭ አገር ሰው ላገባች ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ፣ ኢትዮጵያዊ ያገባችን የውጭ አገር ሴት በጋብቻዋ ብቻ ኢትዮጵያዊት አደረጋት። ኢትዮጵያዊት ያገባው የውጭ አገር ወንድ ግን ጋብቻው አልቆጠረለትም፤ እንደ ማንኛውም አመልካች አምስት ዓመት መቀመጥ፣ አማርኛም መናገርና መጻፍ ነበረበት። አዋጅ ቁጥር 378/1996 ሁለቱን እኩል አደረገ። ይኸውም ጋብቻው ሁለት ዓመት ሲሞላው፣ አመልካቹም ቢያንስ አንድ ዓመት በአገር ውስጥ ሲኖር ነው። ለባል አሳጠረ፣ ለሚስት አረዘመ። ማመልከቻው በጽሕፈት ቤት የሚያድርበት ጊዜ ከዚህ በላይ የሚታሰብ ነው።