ፀሐይ-ወለድ የቆዳ እርጅና

በቆዳ ሕክምና መጻሕፍት «ፎቶኤጂንግ» የሚባለው ቃል፣ ቆዳ በዕድሜ ብዛት ሳይሆን ለዓመታት በተጠራቀመ የፀሐይ ጨረር ምክንያት ያለጊዜው መሸብሸቡን፣ መሻከሩንና መዥጎርጎሩን ያመለክታል። ቃሉ በቀጥታ ሲመለስ «ብርሃን-ወለድ እርጅና» ይሆናል፤ ይሁን እንጂ ዋናውን ጉዳት የሚያደርሰው ዐይን የማያየው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በመሆኑ፣ «ውኃ-ወለድ በሽታ» እንደሚባለው ሁሉ «ፀሐይ-ወለድ የቆዳ እርጅና» ቢባል ለአማርኛ አንባቢ ይቀርባል።

ዕድሜ ብቻውን የሚያመጣው እርጅና ምን እንደሚመስል ለማየት በልብስ ተሸፍኖ የኖረውን የክንድ ውስጠኛ ገጽ መመልከት ይበቃል፤ ይሳሳል፣ ይደርቃል፣ ነገር ግን እንደ ፊትና እንደ እጅ ጀርባ አይጎሳቆልም። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በአብዛኛው የፈጠረችው ፀሐይ ናት። አልትራቫዮሌት ኤ የተባለው ረዘም ያለ ሞገድ ያለው ጨረር ወደ ውስጠኛው የቆዳ ንጣፍ ዘልቆ ኮላጅንን፣ ማለትም ለቆዳ ጥንካሬ የሚሰጠውን የፕሮቲን ክር፣ የሚበጣጥሱ ኢንዛይሞችን ያነቃል፤ ቆዳ ሲሳብ ወደ ቦታው እንዲመለስ የሚያደርገውን ኤላስቲንንም ያበላሻል። ይኸው ጨረር በተራ መስታወት ያልፋል፤ በ2012 እ.ኤ.አ. በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የወጣው የ69 ዓመት ሰው ፎቶግራፍ፣ 28 ዓመት የጭነት መኪና ሲነዳ በመስኮቱ በኩል የነበረው ግራ ጉንጩ ከቀኙ ይልቅ እጅግ ተጨማዶና ወፍሮ እንደነበር ያሳያል። ከአዲስ አበባው ቃሊቲ ተነሥተው ጅቡቲ የሚመላለሱ ሾፌሮችም መሪያቸው በግራ ስለሆነ ጉዳዩ ይመለከታቸዋል።

ሜላኒን የተባለው የቆዳ ቀለም ከጨረሩ ከፊሉን ስለሚያስቀር በጥቁር ቆዳ ላይ መጨማደድ ዘግይቶ ይመጣል፤ ቀድሞ የሚታየው የቀለም መዛባት፣ በተለይም ማድያት ነው። «ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አይነካውም» የሚለው የተለመደ አባባል ስለዚህ ግማሽ እውነት ብቻ ነው።

የአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ የሆነው የቃሊቲ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው፤ በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምርና ፀሐይም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ግድም፣ በከተማዋ አናት ላይ ስለምታልፍ፣ የአየሩ ቅዝቃዜ ያታልላል እንጂ ጨረሩ ብርቱ ነው። ከዚህ ጨረር መሸሽ ግን ለሁሉም ሰው አይቻልም፤ በዚያው በቃሊቲ ማረሚያ ቤት ታስረው የወጡ ሰዎች የሚያስታውሱት በዞን የተከፋፈለ ግቢ፣ የቆርቆሮ ቤትና የታራሚ ቆጠራ፣ ሰው መቼ ፀሐይ ላይ እንደሚሆንና መቼ እንደሚጠለል በራሱ ፈቃድ የማይወስንበትን ኑሮ ይገልጻል።

«ፎቶኤጂንግ» የሚለው ቃል ታሪክም ከእስር ቤት የራቀ አይደለም። በ1986 እ.ኤ.አ. የፎቶኤጂንግን ምንነት በሰፊው የጻፈው አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም አልበርት ክሊግማን፣ ትሬቲኖይን የተባለው የቫይታሚን ኤ ውጤት የተጎዳ ቆዳን እንደሚያድስ በማሳየቱ ስሙ ገንኗል፤ ይኸው ሰው ከ1951 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. በፊላደልፊያ ሆልምስበርግ እስር ቤት፣ አብዛኞቹ ጥቁሮች በሆኑ እስረኞች ቆዳ ላይ ለጥቂት ክፍያ ልዩ ልዩ ኬሚካሎችን ሲፈትን ኖሯል። የፊላደልፊያ ከተማ ይቅርታ የጠየቀችው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። ለወጣት ገጽታ የሚሸጠው ቅባት እንዲህ ያለ የትውልድ ሐረግ እንዳለው በማሸጊያው ላይ አይጻፍም።

ከተፈጥሯዊ መከላከያዎች ቀዳሚው ጥላ ነው። የሰው ጥላ ከቁመቱ ባጠረ ጊዜ፣ በግምት ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት፣ ጨረሩ ስለሚበረታ፣ ሰዓት የሌለው ሰው እንኳ በገዛ ጥላው ሊለካው ይችላል። ልብስ ሁለተኛው ነው፤ ሳሳ ያለ ሽመና ያለው ነጭ ነጠላ ጨረር ያሳልፋል፣ አራት እጥፍ የሆነው ጋቢ ግን እምብዛም አያሳልፍም፤ በቀትር ጋቢ መልበስ የሚከብደው ባለ ሰፊ ክፈፍ ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ ይበጀዋል። በየቤቱ የሚታመንበት ቅቤ የቆዳን እርጥበት ስለሚይዝ ድርቀትንና ከድርቀት የሚመጣውን ጥቃቅን መስመር ያለዝባል፣ ጨረርን ግን አይመክትም። የሬት ውስጠኛ ዝልግልግም እንዲሁ ያረጥባል፤ ከቅጠሉ ልጣጭ ሥር የሚወጣው ቢጫ መራራ ፈሳሽ ግን ቆዳን ስለሚያስቆጣ አስቀድሞ መንጠፍጠፍ ይኖርበታል። ማድያት ለማጥፋት ተብሎ ፊት ላይ የሚቀባው ሎሚ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ምክር ነው፤ በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን አቃጥሎ ለወራት የማይለቅ ጥቁረት ሊተው ይችላል። ስቴሮይድ የተደባለቀባቸው ማቅያ ቅባቶችም ቆዳን ያሳሳሉ።

በአውስትራሊያ ናምቡር ከተማ በ903 ሰዎች ላይ ተካሂዶ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ፀሐይ መከላከያ ክሬም ለ4 ዓመት ተኩል በየዕለቱ እንዲቀቡ የተደረጉት ሰዎች ቆዳ፣ እንደፈቀዱ ከተቀቡት በ24 በመቶ ያነሰ እርጅና እንዳሳየ አረጋግጧል። ክሬሙ ለብዙ ኢትዮጵያዊ ውድ ነው፤ ለታራሚ ይበልጥ ውድ ነው። ስለዚህ በማረሚያ ቤት ግቢ ዛፍ መትከል፣ በስፖርት ሜዳው ዳርና ቤተሰብ ስንቅ ይዞ በሚሰለፍበት በር ዳስ መጣል፣ ቆጠራንም ከቀትር ማራቅ፣ ለታራሚው፣ ለጠያቂውና ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለሚውለው ጠባቂ ከማናቸውም ቅባት የተሻለ የቆዳ እንክብካቤ ነው።